ለጋምቤላ የሚታደል የበቆሎ ዘር አስቀድሞ በውኃ ሊፈተን እንደሚገባው

በባሮ ወንዝ ዳር ከጋምቤላ ከተማ እስከ ኢታንግና ከዚያም በታች የሚኖረው ሕዝብ፥ አኝዋውም ኑዌሩም፥ ውኃው ሲጐድል ጐርፉ ባረጠበው ደለል ላይ በቆሎውን ይዘራል። ጐርፍ ለዚያ አገር ማዳበሪያ ነው፤ ነገር ግን ያለ ጊዜው ሲመጣ ወይም ሳይሸሽ ሲቆይ ቡቃያውን ያጠፋዋል።

ሥሩ በውኃ የተሸፈነ ቡቃያ የሚሞተው ኦክሲጅን አጥቶ ነው፤ ውኃው አየሩን ከዐፈሩ ያስወጣዋልና። በአሜሪካ የሚገኙ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በበቆሎ ላይ መርምረው እንዳስታወቁት፥ ኦክሲጅን በታጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕዋሱ በጓዳው ያኖረው ካልሲየም ይለቀቃል። በዚህ ምልክት ተክሉ ያለ ኦክሲጅን ስኳርን አብላልቶ ኃይል የሚያገኝበትን ሥራ ይጀምራል። የካልሲየሙ መንገድ በመድኃኒት የተዘጋባቸው ቡቃያዎች ግን ይህን ሥራ በሚገባ ሊጀምሩ አልቻሉም፤ ከጭንቁም በኋላ ማገገም ተሳናቸው።

በደኅና ጊዜ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከውጭው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ጥቂት ሲጨመር ወዲያው የሚታወቀውም ስለዚህ ነው፤ ጸጥ ባለ ሌሊት የደብር ደወል ከሩቅ እንደሚሰማ። ይህን ያነበበ ሹም ታዲያ በማሳው ሁሉ ኖራ ይበተን ብሎ እንዳያዝ። ኖራ ለኮምጣጣ ዐፈር መድኃኒት ነው እንጂ ተክሉን ከጐርፍ አያነቃውም። ናስ በቅጥሩ ቢከመር ደወል አይሆንም።

ስለዚህ የሚፈለገው ምልክቱን ፈጥኖ የሚሰማ ዘር ነው። የባኮ ምርምር ጣቢያ ያለው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ ግን 500 ሜትር ገደማ ነው። ከመልካሳ የወጡትም የበቆሎ ዘሮች የታሰቡት ዝናም ለሚያጥርበት አገር ነው። ይህ እነርሱን መንቀፍ አይደለም፤ በደኅና ዓመት ብዙ ምርት ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ የወይና ደጋ ወይም የድርቅ አገር ፈተና ያለፈ ዘር የባሮን ፈተና አልፏል ማለት አይቻልም።

በሕንድ አገር በኦሪሳ ከገበሬዎች የተገኘ ኤፍ.አር. 13 ኤ የተባለ ሩዝ፥ ምርቱ ጥቂት ሳለ፥ ሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ተውጦ ይቆያል። ይህን ጠባይ የሚሰጠው ዘረ መል በ2006 ተለይቶ ታወቀ፤ በማዳቀልም ብዙ ምርት ወደሚሰጡ ሩዞች ተሻገረ። ያ ዘረ መል ከካልሲየሙ ምልክት የተለየ ነው፤ የተገኘው ግን በገበሬ ጐተራ ነው።

በባሮ ዳርም ገበሬዎች ለዘር ያስቀመጡት በቆሎ አለ። የታደለ ዘር ሲገባ የአገሩ ዘር ሳይመረመር ይጠፋል። ስለዚህ የወረዳው ሹም ከእያንዳንዱ ቀበሌ ጥቂት ጥቂት ሰብስቦ፥ ስሙንና የተገኘበትን ስፍራ ጽፎ፥ ወደ ምርምር ጣቢያ ይላክ። ጣቢያውም ከመጣው ዘር ጋር ጐን ለጐን በገንዳ ዘርቶ፥ ውኃ አልብሶ፥ የትኛው ስንት ቀን እንደ ቆየና ውኃው ሲወርድ የትኛው እንደ ተነሣ ይቍጠር። ይህ ቍጥር ሳይደርስ የዘሩ ጆንያ ከመኪና ባይወርድ ይሻላል።