ስም የሌለው ሥራና ሥራ የሌለው ስም

ነጋዴ ዕቃውን ሲሸጥ ስሙንም አብሮ የሚሸጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ሠራተኛም ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለአሠሪው ሲያቀርብ አብሮት የሚሄድ ስም አለው። ነገር ግን በገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሲፈጸም ይታያል። አንደኛው መልካም ሥራ ሠርቶ ስምን ሳያኖሩበት መቅረት ነው፤ ሁለተኛው ስምን አስቀድሞ አስጠርቶ ሥራውን ከኋላ ማስቀረት ነው። የፎገራ ሜዳ ለሁለቱም ጥፋቶች የሚሆን ምሳሌ ስላለው፣ የሠራተኛ ዋጋ በምን እንደሚታወቅ ለመናገር ከወረታ መነሣት ይገባል።

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው፣ ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት ይህ ሜዳ ከሩዝ አስቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነው። ላሟ በወተቷ፣ በሬው በጉልበቱ ስለተመሰገኑ፣ «የፎገራ» የሚለው ቃል ብቻውን ለሻጭ ምስክር ይሆነው ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ እንደ ተጠራ ሲኖር ከብቱ እየሳሳ ሄደ። ግጦሹ በእርሻ ተያዘ፤ ከሌላ ዝርያም ጋር እየተደባለቀ ንጹሑ ዝርያ ጥቂት ሆነ። ዝርያው ጨርሶ እንዳይጠፋ በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል መንጋ ተለይቶ እስከ መጠበቅ ተደርሷል። ጠባቂ ያጣ ስም ከዕቃው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ባለቤቱን ግን አይጠቅምም።

የሩዙ ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ሩዝ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ረዳትነት በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት ተዘራ። ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት፣ ለሌላ እህል የማይመች መሬት የምግብና የገንዘብ ምንጭ ሆነ። ገበሬው ለረዥም ዘመን የዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ከዚያም ወዲህ ከምርምር የወጡት ጉማራና ሻጋ የተባሉት ዝርያዎች የአገሩን ስም ይዘዋል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው በፎገራ ተቋቁሟል። እንግዲህ ሩዙ በማሳ ላይ ሳለ ስም አላጣም።

ስሙ የሚጠፋው ወፍጮ ቤት ሲገባ ነው። የልዩ ልዩ ገበሬ ምርት፣ የደረቀው ካልደረቀው፣ አንዱም ዝርያ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይፈለፈላል፤ በአብዛኛውም ስም ባልተጻፈበት ጆንያ ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያም ብዙው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ስለሚሆን የሚበላው ሰው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከሕንድና ከፓኪስታን የሚመጣው ሩዝ ግን የአሻጊው ስም፣ ሚዛኑና ዓይነቱ በከረጢቱ ላይ ታትሞ ባለሱቁ ከፊት ይደረድረዋል። ገዢው የሚመርጠው ሁልጊዜ ፍሬውን ብቻ አይደለም፤ ጉድለት ቢያገኝ ማንን እንደሚጠይቅ ማወቁንም ጭምር ነው።

በቡና ረገድ አገሪቱ ይህን ትምህርት አስቀድማ አግኝታለች። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ ከዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ክርክሩን ለማንሣት የተቻለው ግን ቀማሹ በሲኒው ውስጥ የይርጋጨፌውን ከሐረሩ ለይቶ ማወቅ ስለሚችል ነው። ሊመረመር የሚችል ልዩነት ባይኖር ኖሮ ስሙ ብቻውን ዋጋ አያወጣም ነበር።

የፎገራ ሩዝ ጆንያ ስም ያጣው ሩዙን የሚሠሩት ሰዎች ስም ስለሌላቸው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የመፈልፈያ መኪናው ሠራተኛ፣ ሩዙን የሚያበጥሩትና የሚለቅሙት ሴቶች፣ ሚዛን ያዡና ሒሳብ ያዡ ሥራቸው በየቀኑ በባለቤቱ ስም ይወጣል፤ ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ ወረቀት ግን አይኖርም። ሙያቸው ግን ትንሽ አይደለም። ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ውስጥ 20 ኪሎ ያህሉ ገለባ ስለሆነ፣ ትርፍና ኪሣራ የሚለየው በቀረው ውስጥ ሙሉው ፍሬ ምን ያህል ነው በማለት ነው። ሩዙ እርጥበቱ ከመቶ 14 እጅ ያህል ሲሆን ቢፈለፈል መልካም ነው፤ እርጥብ ሳለ ቢገባ ይደቅቃል፤ በኃይለኛ ፀሐይ ቶሎ ደርቆ እንደገና እርጥበት ቢያገኘውም ፍሬው ከውስጥ ተሰንጥቆ በመኪናው ውስጥ ይሰባበራል። ይህን በእጁ ዳስሶ፣ በጥርሱ ሰብሮ የሚያውቅና «ይህ ዛሬ አይፈለፈልም» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ለጌታው ገንዘብ የሚያተርፍ ሰው ነው።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ወቅት እያንዳንዳቸው 2,000 ኩንታል ፈለፈሉ እንበል፤ የአንደኛው ሥራ ከሁለተኛው ይልቅ በየኩንታሉ 3 ኪሎ ሙሉ ፍሬ ቢያተርፍ በወቅቱ መጨረሻ 6,000 ኪሎ፣ ማለት 60 ኩንታል ይሆናል። ሙሉው ፍሬ ከተሰባበረው በሚበልጥበት ዋጋ ልክ ይህ ሁሉ ለባለወፍጮው ጥቅም ነው። ነገር ግን የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሁለቱ ሠራተኞች እኩል ደመወዝ ይቀበላሉ፤ እንዲያውም አፉ የቀናው ይበልጥ ያገኛል። ጎበዙ ሠራተኛም አንድ ቀን ተነሥቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ያጣውን ነገር የሚያውቀው ደንበኛው ሲሸሽ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል። አንደኛው የጨዋነት ነው። ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ ሥራው ራሱ ይናገራል ይባላል። እውነትነት ያለው ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራ የሚናገረው ለሚያየው ብቻ ነው። ወረታ ላይ የተሠራውን አዲስ አበባ የተቀመጠው አስመጪና ላኪ አያየውም፤ ባለቤቱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ አይቆምም። የሠሩትን ቈጥሮ፣ ጽፎ፣ በጊዜው ማቅረብ ፉከራ አይደለም፤ ሒሳብ ማቅረብ ነው። ፉከራ የሚባለው ያልሠሩትን መናገር ነው። በዚህ ዘመን በቴሌግራምና በፌስቡክ ፎቶግራፉን እየለጠፈ ራሱን ባለሙያ ብሎ የሚጠራ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የጆንያ ሥዕል ጆንያውን አይሞላውም። «ለመልከ ጥፉ በስም ይደግፉ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ የሚረዳውም ዕቃው እስኪፈታ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የአሠሪው ፍርሃት ነው። የሠራተኛው ስም ከታወቀ ሌላ ነጋዴ ይወስደዋል፤ ወይም ራሱ ወፍጮ ተክሎ ተወዳዳሪ ይሆናል ይባላል። ይህ አይደርስም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስሙ ተደብቆ የሚኖር ሠራተኛ ለመልካም ሥራ የሚያነሣሣው ነገር የለም፤ ጥፋትም ቢያደርግ የሚያሳፍረው የለም። ስሙ በሥራው ላይ ያረፈበት ሰው ግን ጠጠር የገባበትን ጆንያ ከመስፋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ሰውን የሚያቆየው የስሙ መደበቅ ሳይሆን እንደ ሥራው የሚከፈለው ዋጋ ነው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት መከልከል መብት አይደለም። ነገር ግን የሕጉ ትእዛዝ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ሰውየው ስንት ዓመት እንደሠራ እንጂ እንዴት እንደሠራ አያስነግርም። አስተዋይ ነጋዴ «ይህን ያህል ኩንታል ፈለፈለ፤ ከዚህም ይህን ያህል ሙሉ ፍሬ አወጣ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምርበት ለሠራተኛው ውለታ ይሆናል፤ የራሱም ቤት ሥራን የሚመዝን ቤት መሆኑን ያስመሰክርበታል።

ነጋዴውም ለራሱ ስም እንዲሁ ሊያስብ ይገባዋል። ብዙዎች የንግድ ስማቸውን በንግድ መዝገብ ስላስገቡ በዕቃቸው ላይ ያለው ምልክት የተጠበቀላቸው ይመስላቸዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለብቻው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ይመዘገባል፤ ጥበቃውም ለ7 ዓመት ሲሆን በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ምልክት ሳያስመዘግብ ጆንያ የሚያሳትም ሰው ገንዘቡን ለቀማኛ እንደሚያዘጋጅ ይቈጠራል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ያስቸኩላል። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ደረቅ ወደብም ተሠርቶባታል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ፣ ገዢ እንደ ቀድሞው መጥቶ እፍኝ ሩዝ በመዳፉ ይዞ ለመምረጥ ይቸገራል። በስልክ የሚዋዋል ሰው የሚገዛው የሰውን ቃል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው፣ ማለት «ከዚህ ጭነት ውስጥ ሩቡ ስብርባሪ ነው» ብሎ የሚያስታውቅ ሚዛን ያዥ፣ አንድ ጊዜ በዋጋ ቢጎዳ ለብዙ ዓመት ደንበኛ ያተርፋል።

ስለዚህ ከመጪው የሩዝ አጨዳ አስቀድሞ በየወፍጮ ቤቱ አንድ መዝገብ ቢከፈት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የገባው ምርት ከየት እንደመጣ፣ እርጥበቱ፣ የወጣው ሙሉ ፍሬና ስብርባሪ፣ በመጨረሻም የፈለፈለውና ያበጠረችው ሰው ስም ይጻፍበት፤ በእያንዳንዱም ጆንያ ላይ የመዝገቡ ቁጥር ይቀመጥ። ሠራተኛውም የራሱን ቅጂ ይያዝ፤ የደመወዝ ንግግር በመጣ ጊዜ ልመና ሳይሆን ቁጥር ያቅርብ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ ነገር ግን ስም በቁም ሳሉም ኩንታል ሩዝ ሊያሸጥ፣ የሠሪውንም ልጆች ሊያበላ ይገባዋል።