በእንግሊዝኛ ቃል ማደሪያ ስለ መያዝ

በሰቆጣና በዋግ ደጋ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ያለ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ዋጋ ሳይጠይቅ እግሩን አጥቦ ያሳድረዋል። ሆቴል ግን በዚህ ሥርዓት አይሠራም፤ አስቀድሞ የጠየቀ፥ ቃሉንም ያልሳተ አልጋውን ያገኛል። ለልደት በዓል ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ቃሉን ቢስት ልጆቹ በብርድ ያድራሉና፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ነገር ልናመለክት ወደድን።

መጀመሪያው ስለ አክብሮት ነው። በአማርኛ አንተና እርስዎ ይለያሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ለታላቁም ለታናሹም «ዩ» ስለሚል፥ አክብሮቱ በሌላ ቃል ይገለጣል። ስለዚህ «እፈልጋለሁ» የሚለውን ቃል በቃል መልሶ «አይ ዎንት» ማለት ትእዛዝ ይመስላል፤ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ቡክ ኤ ሩም፥ ፕሊስ» ማለት ይገባል። «ቡክ» ስም ሲሆን መጽሐፍ፥ ግስ ሲሆን አስቀድሞ አስመዝግቦ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ስለ አልጋና ስለ ምግብ ነው። «ደብል ሩም» ሁለት አልጋ ያለው ክፍል የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ሰፊ አልጋ ያለበት ነው። አባትና ያደገ ልጁ በየአልጋቸው ለመተኛት «ትዊን ሩም» ይበሉ። «ፉል ቦርድ» የሦስት ጊዜ ምግብ ያለበት ነውና፥ የሚጾም ሰው ለማይበላው ቁርስ እንዳይከፍል «ሩም ኦንሊ» ቢል ይሻለዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስለ ጊዜ ነው። ሆቴል የሚቆጥረው ሌሊትን ነው፤ ዓርብ ገብቶ እሑድ የሚወጣ ሰው በእኛ ሦስት ቀን ቢባልም በእነርሱ «ቱ ናይትስ» ነው። የ2018 ዓ.ም. ልደት፥ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 ነው፤ እንግዲህ «29» ብቻ ጽፎ የላከ ሰው ክፍሉ በሌላ ዕለት ይያዝለታል። የእኛ ከጧቱ 2 ሰዓትም የእነርሱ «ኤይት ኤ ኤም» ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ሌሊት ነው። የእኛ ዕለት በጧት ሲጀምር፥ የእነርሱ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይለወጣል። ስለዚህ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደርስ እንግዳ፥ መድረሻውን «ሰንደይ፥ ቱ ኤ ኤም» ብሎ ቢጽፍም፥ ክፍሉን ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ ይያዝ፤ አለዚያ እስከ እሑድ ከቀትር በኋላ ደጅ ይጠናል።

የዋግ ሰው ኽምጣናንና አማርኛን አስተባብሮ መናገር የለመደ ነውና ሦስተኛው ቋንቋ አይከብደውም። ብቻ «ኮንፈርሜሽን» የሚባለውን የማረጋገጫ ጽሑፍ ሳይቀበል፥ ቀኑንና የሌሊቱንም ቍጥር ሳያመሳክር፥ ቤተ ሰቡን ከቤት አያስነሣ።