ሥዕሉ እውነት ነው፤ ማን አገጣጠመው?

በአስኮ መንደር ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲነሣ፣ በመካከሉ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ካለ ሁሉም ወደ እርሱ ዞሮ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» ይለዋል። እርሱም ስልኩን አውጥቶ «አዎን፣ እኔም አይቼዋለሁ» ሲል ይመልሳል። ይሁን እንጂ ማየትና ማወቅ ለየቅል ናቸው። ይህንንም ለመረዳት ከታሪካችን አንዲት ምሽት ማስታወስ ይበቃል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ራብ የወሎን ሕዝብ ሲፈጅ፣ በመንግሥት እጅ የነበሩት ጋዜጦችና ሬድዮ ዝምታን መርጠው ቆዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ጉዱን ሰማ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ነገር ግን በራብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል አስገብቶበት ነበር። በማግሥቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ራቡ እውነት ነበረ፤ ግብዣውም እውነት ነበረ፤ ራቡን መደበቅም ታላቅ በደል ነበረ። ሁለቱን ሥዕሎች ያገጣጠመው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ስለ ወሎ ያለቀሰው ተመልካች፣ በዚያው ዕንባ ላይ ተረማምዶ ወደ ሥልጣን የሚወጣው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ፋታ አላገኘም።

ያን ጊዜ የሚያገጣጥመው አንድ ጣቢያ ነበረ፤ ዛሬ መቀሱም ማሰራጫውም በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። በ2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ከተወነጀሉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በቤታቸው ደጅ ተገደሉ፤ ልጃቸውም የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የኩባንያውን ነገር ዳኞች ይዩት። እኛ ግን እንወቅ፤ ክፉ ጽሑፍ ጉልበት የሚያገኘው ከሚያስተላልፈው ብዙ እጅ ነው፤ ከዚያም መካከል የተማረ ሰው እጅ አይጠፋም።

«እንግዲያውስ ሁሉም ውሸት ነው፤ ምንም አላምንም» የሚሉ ጓደኞችም አሉን። ይህም ስንፍና ነው። እንዲህ ያለ ሰው በ1966 ቢኖር ኖሮ የወሎንም ራብ አላምንም ባለ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ደግ ነው፤ ዳሩ ግን መጠርጠርን መመርመር ካልተከተለው ፍሬ የለውም።

ስለዚህ ከአስኮ ወደ ፒያሳ በሚወስደን ታክሲ ውስጥ ስልካችንን ስንከፍት ሦስት ጥያቄ እናስቀድም። የሚናገረው ማን ነው? ከሥዕሉ ፊትና ኋላ ምን ተቆርጦ ቀረ? ለምንስ ዛሬ ደረሰኝ? መልስ ያላገኘንለትን ለሌላ አናስተላልፍ።

ለሚጠይቀን ጎረቤትም «እማማ፣ ገና አላጣራሁም» ብሎ መመለስ ነውር የለበትም። ስልክማ ዛሬ በየቤቱ አለ። የሰፈሩ ሰው የተማረውን የሚጠይቀው መርምሮ ይነግረናል ብሎ ስላመነው ነው። ይህን አደራ በአንድ ጣት ንክኪ አናባክነው።