ጎማ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ዕድሜውን ይጠይቁ

አሮጌ መኪና እንደ ዛሬ የተከበረበት ዘመን የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አናረው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ 20 እና 30 ዓመት ያገለገለው ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ጡረታ አይወጣም ማለት ነው። ገና የአፋርን አሸዋ፣ የሶማሌ ክልልን አቧራና የደቡብ ኦሞን ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል።

መኪናው ቢቆይም ጎማው ያልቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጎማ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ባለመኪናው ርካሽ ፍለጋ መርካቶን ቢዞር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ጎማው ለምን እንደረከሰ ሳይጠይቅ ሲከፍል ነው።

ብዙ ጊዜ የመርከሱ ምክንያት ዕድሜ ነው። በጎማው ጎን ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2318 የሚል ካዩ ጎማው የተሠራው በ2018 በ23ኛው ሳምንት ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ! ይህ የፈረንጆች 2018 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። “18 ይላል፣ የዘንድሮ ነው” ብሎ የሚገዛ ሰው ሰባት ዓመት ከምናምን ሙሉ ይታለላል። ጥርሱ ያልተነካና የሚያብረቀርቅ ጎማ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ጎማ በመደርደሪያ ላይም ያረጃል። አምራቾቹ ራሳቸው፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢተርፍ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ።

ለአስፋልት ነጂ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለአሸዋ ነጂ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ለምን ቢባል፣ አሸዋ የሚታለፈው የጎማውን ነፋስ በመቀነስ ነው። 36 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረው ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ጎማው ይረዝምና መኪናውን ተሸክሞ ያልፋል። በዚያው ልክ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል። ያረጀ ጎማ ይህን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ሊበጥስ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ጠጠሩ ላይ ሲወጡም ነፋሱን መልሶ መሙላት ግድ ነው። መንፊያ ያልያዘ ሰው ነፋስ ባይቀንስ ይሻለዋል።

ቀጥሎ የጎማው ዓይነት ይመጣል። ጎረምሳ የሚወደው ሰፊ ጎማ ለአሮጌ ዋገን ዕዳ ነው፤ መሪ ያከብዳል፣ ኩሽኔታ ይጎዳል፣ ፓራፋንጎ ይነካል። ፋብሪካው ያዘዘው ረጅምና ጠባብ ጎማ ነፋሱ ሲቀነስለት አሸዋውንም ኮረኮንቹንም ይወጣዋል። ለጭቃ የተሠራው ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማም ዋልካ ላይ ጀግና ቢሆን አሸዋን ይቆፍራል እንጂ አይንሳፈፍበትም። ጠጠርና አሸዋ ለሚያፈራርቅ ሰው መካከለኛ ጥርስ ያለው ይበቃዋል።

በልኩ ውስጥ “አር” የሚለው ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ 7.50 አር 16 ከሆነ፣ ጎማው ራዲያል ነው። በፊደሉ ምትክ ሰረዝ ካለ የድሮው ዓይነት ነው። ሁለቱን በአንድ አክሰል ላይ ማደባለቅ አደጋ ነው። የጭነት ቁጥሩንም አይለፉት፤ 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ፣ 112 ማለት 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሰባት ሰውና ሁለት ጀሪካን ሲጫን የሚከብደው የኋላው ነውና ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንዱ ጎማ 15 ሺህ ብር ተገዝቶ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው በ24 ሺህ ብር ተገዝቶ 50 ሺህ ቢሄድ እንበል። የመጀመሪያው ለአንድ ኪሎ ሜትር 60 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 48 ሳንቲም ያስከፍላል። ርካሹ የትኛው ነው? በረሃ መሐል ሲፈነዳ የሚባክነው ቀንና የሚጠፋው ሕይወት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ነጋዴዎቻችንም አንድ ነገር ቢያደርጉ ይመሰገናሉ። ደረሰኙ ላይ ከልኩ ጎን ጎማው የተሠራበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ። የሚያስወጣቸው የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ገዢው አጎንብሶ አራቱን አኃዝ ያንብብ። ሻጩ “ምን ታያለህ?” ብሎ ከተቆጣ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።