የበዛብህ ሲጂፒኤ ስንት ነበር?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በዛብህን የሚያስታውሰው በፍቅሩ ነው። እስቲ ለአንድ አፍታ እንደ ሥራ ፈላጊ እንየው። የማንኩሳው የደሀ ልጅ ዲማ ላይ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። «ሲጂፒኤህ ስንት ነው?» ያለው የለም። ተማሪ ነው፣ ያውቃል፣ ያስተምር። በቃ!

ዛሬ ከዲማ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ልሁን የሚል ወጣት የሚያነበውን ማስታወቂያ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ ብዛት 1፣ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዞ በአካል መቅረብ። ለዚያች አንዲት ቦታ ሰዉ ይግተለተላል። አብዛኛውን ጊዜ ታዲያ ማጣሪያው ነጥብ ነው። ከላይ ያሉት ጥቂቶች ለጽሑፍ ፈተና ይጠራሉ፣ የቀረው ፎቶ ኮፒውን ከስሮ ይመለሳል።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አመልካቹ እኮ 12ኛ ክፍልን ተፈትኖ አልፏል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና የደረሰበት ከሆነ ደግሞ እሱንም ተፈትኗል። ሌላ የወረቀት ፈተና ስለዚህ ሰው ምን አዲስ ነገር ይነግረናል? ያልጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስተማር ይችላል ወይ?

ይህ ጥያቄ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይብሳል። እዚያ የሥልጠናው መርሕ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ብየዳ በቃል አይሰጥም። አሰልጣኙ 3.8 ይዞ የብየዳ ማሽኑን ከሩቅ የሚያይ ከሆነ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሠልጣኙ ነው። የሙያ ብቃት ምዘና ላይ ሲወድቅ «ሰነፍ ነው» ይባላል። ያሰለጠነው ሰው እንዴት እንደተቀጠረ የሚጠይቅ የለም።

የጎጃም የቅኔ ቤቶች ይህን ጉዳይ የፈቱት ከኮሌጆቻችን በፊት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያለፉበት ዓይነት የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ መምህርነት በማመልከቻ አይገኝም። ተማሪው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቅኔውን ይዘርፋል፤ ሲበረታ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። መምህሩ ይበቃል ሲሉት ያስመሰክራል። ማስተማር መቻሉ የሚታወቀው እያስተማረ ስለታየ ነው። ባሕር ማዶም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለመጨረሻው ዙር የደረሰን አመልካች ብዙ ጊዜ «ና እስቲ፣ አንድ ትምህርት አስተምረን» ይሉታል።

«ወረቀቱ ከቀረ ዘመድ አዝማድ ይገባል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ ነጥብ ቢያንስ አይዋሽም። ግን ወረቀቱስ ዘመድ አይፈልግም? ለምዝገባ አንድ ጉዞ፣ ለፈተና አንድ ጉዞ፣ ውጤት ለማየት ሌላ ጉዞ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቀድመው ጎበዙ ሳይሆን ከተማ ውስጥ የሚመዘግብለት ሰው ያለው ነው። አድልዎን የሚያስፈራው ወረቀት ሳይሆን ብዙ ዓይን ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ የማይችለውን ተማሪ መምህሩ ቢወደው እንኳ ጓደኞቹ ሰምተዋል፤ ማን ያሳልፈዋል?

ስለዚህ ነጥብ ለመነሻ ይሁን፤ ዝቅተኛውን ያለፈ ሁሉ ግን ወርክሾፕ ይግባ። 20 ደቂቃ ይሰጠው። መሣሪያውን ነክቶ ለማያውቅ ሠልጣኝ አንድ ነገር ያስተምር። ከኮሌጁ አሰልጣኞች ጋር ከከተማው አንድ ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ያለው ባለሙያ ይቀመጥ፣ ሠልጣኞችም ውጤት ይስጡ። ነጥቡ በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አመልካቹ ሲበዛ አድካሚ መሆኑ አይካድም። ግን ለዓመታት ስንት ወጣት በእጁ የሚያልፍን ሰው ለመምረጥ አንድ ሳምንት ቢባክን ይበዛል?

ያኔ የዲማው ልጅ ባያልፍ እንኳ ምን እንደጎደለው አውቆ ይመለሳል። አሁን ይዞ የሚመለሰው ፎቶ ኮፒውን እንኳ አይደለም፤ የማይመለስ ነዋ!