ስም የማይጠይቅ ቁምሳጥን

ከደመወዝ በፊት ያለችው የመጨረሻ ሳምንት በብዙዎቻችን ቤት ረጅም ናት። ዘይቱ ይንጠፈጠፋል፣ ሳሙናው ይሳሳል፣ ልጅ ደብተር አለቀብኝ ብሎ ይመጣል። ይህን ደግሞ ማንም ለጎረቤቱ አይናገርም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንዴት ናችሁ?» ስንባባል መልሳችን ሁልጊዜ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው።

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ በተለምዶ ኮሙናል በምንለው የጋራ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳምንት የሚሆን አንድ ቁምሳጥን አለ። ቁልፍ የለውም። ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ፓስታ፣ ምስርና ጨው ይቀመጥበታል። የጎደለበት ይወስዳል፣ የተረፈው ያስቀምጣል። ዕቃውን በየሳምንቱ ከምናሟላው ጎረቤታሞች አንዷ እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ታዲያ ክርክር ተነሣ። ሳሙናው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው። በጣም የማከብራቸው አንድ የኮሚቴ አባል «ልጄ፣ ማን እንደወሰደ ሳናውቅ እንዴት እንቆጣጠረዋለን? ቁልፍ ይበጅለት፣ ወሳጁም ስሙንና የቤት ቁጥሩን ይጻፍ» አሉኝ። ሐሳባቸው የመጣው ከክፋት አይደለም፤ የእድር ገንዘብና ዕቃ ለዓመታት አንዲት ማንኪያ ሳትጎድል የጠበቁ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እድሩ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ይኼኛው ግን መዝገብ ከገባበት ይሞታል» አልኳቸው። ምክንያቴን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ በየሰፈራችሁ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር የምታስቡ አትጠፉምና።

እድር ለሐዘን ቀን የተሠራ ሥርዓት ነው። አባል ይመዘገባል፣ መዋጮ ይከፍላል፤ ቀኑ ሲደርስ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ሳህን ይወጣል። ሐዘኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ሐዘንተኛው በመረዳቱ አያፍርም። የሳሙና መግዣ ማጣት ግን ድንኳን አይተከልለትም። በዚያ ላይ በየግቢው ያለው ተከራይ ብዙ ነው፤ ዛሬ ገብቶ የዛሬ ዓመት ይለቅቃል፣ እድርም የለውም። የቤት ሠራተኞቻችንና የጥበቃ ሠራተኞቻችንም እዚያው ይውላሉ፣ ያድራሉ።

ሥራዬ ገበያ ጥናትና ማስታወቂያ ነው። ሙያው በየቀኑ የሚያስተምረኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ወደ አንድ ዕቃ በሚሄድበት መንገድ ላይ አንድ እርምጃ በተጨመረ ቁጥር ጥቂቱ ከመንገድ እንደሚቀር ነው። ተጨማሪ ፎርም፣ ተጨማሪ ሰልፍ፣ ተጨማሪ ጥያቄ ሰውን ይመልሳል። በቁምሳጥናችን ላይ መዝገብ ብናስር የሚመለሰው ማን ነው? ዓይን አውጣው አይመለስም፤ እሱ ስሙን ጽፎ ይወስዳል። የሚመለሰው ያፈረው ነው። ደመወዝ የዘገየበት አባወራ፣ ከወሊድ በኋላ ሥራ ያቆመች እናት ይመለሳሉ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በቤት ቁጥሯ አጠገብ «ሞዴስ፣ 1» ብላ ጽፋ፣ ያንን መዝገብ የአባቷ ጓደኛ እንዲያነበው ትፈቅዳለች? ከትምህርት ቤት ብትቀር ትመርጣለች። ቁጥጥሩ ይጠብቅልናል ያልነውን ሳሙና ቢያድንልን እንኳ፣ ቁምሳጥኑ የተሠራለትን ሰው ያሳጣናል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ግቢ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ፌይትቪል ከተማ፣ ጄሲካ ማክላርድ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ2016 በእንጨት ምሰሶ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አቆመች። ሐሳቡን ያገኘችው በየመንገዱ ዳር ከሚቆሙት የመጻሕፍት መለዋወጫ ሳጥኖች ነው፤ እሷ በመጽሐፍ ፈንታ የታሸገ ምግብና የንጽሕና ዕቃ አኖረችበት። መዝገብም ጠያቂም አልነበረውም። ሐሳቡ ከዚያ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። አንድ ሰው ሳጥኑ ዘንድ ሲቆም ሊያስቀምጥ ይሁን ሊወስድ አይታወቅም። በእኛም ግቢ ፌስታል ይዞ ወደ ኮሙናል የሚሄድ ሰው ሰጪ ይሁን ወሳጅ ማንም አያውቅም። የቁምሳጥኑ ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

«ታዲያ ዝም ብሎ ይለቅ?» ትሉ ይሆናል። አይለቅም። የምንቆጥረው ግን ሰውን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰው ሆነን የገባውንና ያለቀውን እንጽፋለን። በግቢው ቴሌግራም ላይ ምን እንደጎደለ እንጂ ማን እንደወሰደ አይለጠፍም። ቶሎ የሚያልቀውን በአንድ ጊዜ አናወጣም፤ 20 ሳሙና ካለን ሰኞ 5፣ ረቡዕ 5 እያልን እናከፋፍለዋለን። ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ፍላጎቱ ስለሚጨምር ለዚያ ቀድመን እናስቀራለን። በዐቢይ ጾም ምስርና ሽሮ ይፈለጋል። ደመወዙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚከፈለው ቤተሰብ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ወዲያው ደግሞ ዓመት በዓልና የትምህርት ቤት ወጪ ይከተላል። ደብተርና እስክሪብቶ ከነሐሴ ጀምረን የምናጠራቅመው ለዚህ ነው።

የማናስቀምጠውም አለ። መድኃኒትና የሕፃናት ዱቄት ወተት አይገባም፤ እሱ የሐኪምና የፋርማሲ ጉዳይ ነው። የተከፈተ ምግብ፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ፣ የተቀደደ ልብስም አይገባም። መደርደሪያ መጣያ ከመሰለ ችግረኛውም አይቀርበውም፣ ሰጪውም ይቀዘቅዛል። መለኪያችን ቀላል ነው፤ ለራሴ ልጅ የማልሰጠውን እዚያ አላኖርም።

አዎ፣ አንዳንዱ አብልጦ ይወስድ ይሆናል። ኪሳራው ሁለት ሳሙና ነው። በመዝገቡ ምክንያት የምትመለሰዋን ልጅ ኪሳራ ግን በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አናገኘውም። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ ለሦስት ወር ያለ መዝገብ እንዲቀጥል ፈቅዷል፤ የቅዳሜው ቆጠራ ውጤትም ለሁሉም ይነገራል።

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ገንዘብ እስኪጠራቀም አትጠብቁ። አንድ መደርደሪያና ሦስት ዓይነት ዕቃ ይበቃል፤ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ደብተር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ። ቦታውን ስትመርጡ የጥበቃው ወንበር ፊት ለፊት አይሁን፤ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት፣ ማንም ግን ቁጭ ብሎ የማያይበት ጥግ ፈልጉለት።