ዋጋውን የሚይዘው የትኛው አሮጌ ካሜራ ነው?

ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ከዓመት ዓመት እየወረደ መሄዱ የተለመደ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ይህ ሕግ የማይሠራባቸው ዕቃዎች እንዳሉ ከማንም በላይ ያውቃል። ቶዮታ ዲኤክስ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም ገዢ አላጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መለዋወጫው ይገኛል፣ ሜካኒኩ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፣ ሻጩም ገዢ ፍለጋ ብዙ አይንከራተትም። በዓለም ገበያ በፊልም ከሚሠሩት አሮጌ ካሜራዎች መካከል ጥቂቶቹ ዋጋቸውን ይዘው የቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። የቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ዋጋ የያዙ የሚመስሉት ገበያው ስለሞቀ ብቻ ነው።

ብር ሲዳከም ገንዘብን ወደ ዕቃ መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብረታ ብረት፣ ሦስተኛው መኪና ይገዛል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ዋጋው በዶላር የሚቆረጥ፣ በእጅ ሻንጣ የሚገባ ዕቃ ያስባል። አሮጌ ካሜራ እዚህ ላይ ይመጣል። ነገር ግን ሒሳቡን ከመጀመሪያው አጥርቶ መያዝ ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በ1,500 ዶላር ካሜራ የገዛ ሰው 85,500 ብር ያወጣበት ዕቃ 150,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ሰውየው ‹‹ካሜራዬ አተረፈኝ›› ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። በዶላር ካሜራው ያው 1,500 ነው። የወረደው ብሩ ነው እንጂ ካሜራው አልወለደም። መጋዘን ውስጥ የተከመረ ጎማም ያንኑ ትርፍ ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ካሜራው በዶላር ሲለካ ዋጋውን ይይዛል ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሚሰጡት አንዱ የጀርመኑ ላይካ ኤም 3 ነው። የላይካ መነሻ ኦስካር ባርናክ የተባለ የኤርንስት ላይትዝ ኩባንያ ባለሙያ ቬትስላር ከተማ ውስጥ የሲኒማ ፊልም እንዲጎርስ አድርጎ የሠራው ትንሽ ካሜራ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበውም በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ነበር። ኤም 3 በ1954 ወጥቶ እስከ 1966 ድረስ ተመርቷል። የተሠራው ከ220 ሺሕ በላይ ነው። ብርቅ ዕቃ አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ደህና ይዞታ ያለው ቦዲ ዛሬም ያለ ሌንስ በአመዛኙ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ይጠየቅበታል። ‹‹አሮጌ ዕቃ ውድ የሚሆነው ጥቂት ሲሆን ነው›› የሚሉ ደላሎች ይህን ቁጥር ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ኤም 3 ዋጋውን የያዘው ዛሬም ሰው ፎቶግራፍ ሊያነሣበት ስለሚፈልገው ነው።

ኤም 3 ባትሪ አያውቅም። የብርሃን መለኪያ እንኳ የለውም። ሻተሩ የሚሠራው በስፕሪንግና በጥርስ ነው። ስለዚህ ሲዘገይ ወይም ሲደርቅ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እንደ ሰዓት ፈትቶ፣ የደረቀውን ቅባት አጽድቶ፣ አስተካክሎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ነገር ሌንሱ ነው። ከ1954 ጀምሮ ለኤም ካሜራዎች የተሠሩት ሌንሶች ኩባንያው ዛሬ በሚያመርታቸው ዲጂታል የኤም ካሜራዎች ላይ በአብዛኛው ይገጠማሉ። አሮጌው ሌንስ የሚሸጠው ለፊልም ሰው ብቻ ሳይሆን ለአዲሱ ካሜራ ባለቤትም ነው። ገዢው ሁለት ዓይነት የሆነ ዕቃ ዋጋው በቀላሉ አይወድቅም። ገንዘቡ ውሱን የሆነ ሰው ቦዲውን መካከለኛ፣ ሌንሱን ግን ንጹሕ አድርጎ ቢገዛ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ያው ኩባንያ በ2006 ያወጣውን ኤም 8 የተባለውን የመጀመሪያ ዲጂታል የኤም ካሜራ እንመልከት። ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ ግማሹን አያወጣም። ስሙም ፋብሪካውም አንድ ነው፤ ነገር ግን ኤም 8 ኮምፒዩተር ነው፣ ኮምፒዩተር ደግሞ እንደ ቲማቲም ነው፤ ሳይሸጥ ካደረ ዋጋው ይወርዳል። የመለያው ስም ብቻውን ዋጋ እንደማይጠብቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከ1984 እስከ 2002 የተመረተው ኤም 6 መካከለኛ ቦታ አለው። የብርሃን መለኪያው ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪው ቢያልቅ ግን ሻተሩ ይሠራል። ኩባንያው በ2022 ይህንኑ ካሜራ እንደገና ማምረት ሲጀምር ነባሩ ይረክሳል ብሎ መፍራት ተገቢ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ከ5,000 ዶላር በላይ ስለተጠራበት ነባሩ እንዲያውም ርካሽ መስሎ ታየ። ይህ ሁልጊዜ ይደገማል ማለት አይደለም። ፋብሪካው ነገ ዋጋ ቢቀንስ ነባሩም አብሮ እንደሚወርድ መገመት ይቻላል።

በየጊዜው በጋዜጣ የሚወጣው የጨረታ ዜና ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ዓለም ነው። በሰኔ 2022 ቬትስላር ላይ ባርናክ ራሱ ይገለገልበት የነበረው ቁጥር 105 የሙከራ ላይካ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ወጣበት። ደላላ የሆነ አንባቢ ግን የሚያተኩረው በሌላ ቁጥር ላይ ይሆናል። መዶሻው የወደቀው በ12 ሚሊዮን ነው፤ የቀረው 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ገዢው ለአጫራቹ የጨመረው ነው። በ2018 ቪየና ላይ የተሸጠው የዚያው ዘር ቁጥር 122 ካሜራ ሙሉ ዋጋው 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ የካሜራው ዋጋ ኮሚሽን ሆነ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ዜና ለተራው ገበያ የሚያመጣው ጥቅም የለም። የአያቱን ካሜራ ከሣጥን ያወጣ ሁሉ ሚሊዮን እንዲያልም ያደርገዋል፤ አጭበርባሪውንም ይጠራዋል።

ማጭበርበሩ ደግሞ አሮጌ ነው። በሶቪየት ኅብረት ካርኮቭ ከተማ ከ1934 ጀምሮ ላይካን እያስመሰሉ ፌድ የተባለ ካሜራ ያመርቱ ነበር፤ ስሙ የፊሊክስ ኤድሙንዶቪች ጀርዚንስኪ ስም መነሻ ፊደላት ነው። በኋላ ዞርኪ መጣ። ከእነዚህ ላይ የፋብሪካውን ስም ፍቀው ‹‹ላይካ›› የሚል የቀረጹባቸው፣ የጀርመን ጦር ምልክት ያተሙባቸው፣ ወርቃማ ቀለም የቀቧቸው ብዙ ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሰዎች ብዙ በሆኑበት አገር እንዲህ ያለ ካሜራ ከአንድ ቁም ሣጥን ብቅ ቢል አይገርምም። መለያው ቀላል ነው። ሌንሱ ሲፈታ በውስጥ በኩል የርቀት መለኪያውን የሚገፋው ክንድ ጫፍ በእውነተኛው ላይካ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ነው። በፌድና በዞርኪ ላይ የማይሽከረከር ምላስ ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ሌንሱን አልፈታም የሚል ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ኤም 3 ከብርማው እጅግ ስለሚወደድም ብርማውን ጥቁር ቀብቶ መሸጥ የታወቀ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የካሜራው ተከታታይ ቁጥር በታተሙት ዝርዝሮች ውስጥ መታየት አለበት። ሻንሲ ቁጥር ሳያይ መኪና የሚገዛ ነጋዴ የለም።

እንግዲህ ገበያው ስለሞቀ ብቻ የተወደዱት የትኞቹ ናቸው? ኮንታክስ ቲ 2 ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990 የወጣ፣ የቲታኒየም ገላ ያለው፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ነው። ታዋቂ ሰዎች ይዘውት ከታዩ ወዲህ ዋጋው ተሰቀለ። ፎቶው ጥሩ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አምራቹ ኪዮሴራ በ2005 ከካሜራው ሥራ ወጥቷል፤ ሰርኪዩቱ ሲበላሽ የሚተካው ከሌላ ከሞተ ካሜራ ተነቅሎ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ዋጋ ይይዛል ብሎ መግዛት ቀኑ ያልታወቀ የክፍያ ማዘዣ እንደ መፈረም ይቆጠራል። አንድ ጠዋት ቁልፉ ሲጫን ዝም ካለ ዋጋው በዚያው ጠዋት ዜሮ ይሆናል።

ለላይካ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ከ1982 እስከ 2001 የተመረተውን ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ቢያይ ይሻለዋል። ባትሪ የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ሌንሱም በየቦታው አለ። ከላይ ከሆነ ደግሞ የስዊድኑ ሃሰልብላድ 500 ሲ ኤም አለ። ኩባንያው የዚህን መስመር ካሜራዎች ማምረት በ2013 ቢያቆምም፣ ከኋላቸው የሚገጠም ዲጂታል ክፍል አሁንም ሠርቶ ስለሚሸጥ አሮጌው ዕቃ አዲስ ሥራ አግኝቷል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። አንድ ሰው ኤም 3ን ከሱቅ በ1,500 ዶላር ገዝቶ 300 ዶላር ለሰርቪስ ቢያወጣ ወጪው 1,800 ይሆናል። ከአምስት ዓመት በኋላ ለሱቅ ሲመልሰው ነጋዴው የራሱን ትርፍ ስለሚያስብ ከመሸጫው 30 በመቶ ቀንሶ 1,050 ቢሰጠው 750 ዶላር ቀልጧል። ካሜራው ዋጋውን ይዞ፣ ባለቤቱ ግን ከሰረ። ያው ሰው ከባለቤቱ በ1,100 ገዝቶ፣ 300 ዶላር ሰርቪስ ከፍሎ፣ በስተመጨረሻ ለተጠቃሚ በ1,500 ሸጦ 10 በመቶ የመሸጫ ክፍያ ቢቆረጥበት 1,350 ይቀረዋል። በአምስት ዓመት 50 ዶላር የከፈለበት ነገር ኪራይ ነው እንጂ ኪሳራ አይባልም። ልዩነቱን የፈጠረው የካሜራው ዓይነት ሳይሆን የተገዛበት በር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ዶላርም ራሱ ይሟሟል። አሜሪካ ውስጥ ከ2014 እስከ 2024 የዋጋ ደረጃ ወደ 30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በ2014 በ1,500 ዶላር የተገዛ ካሜራ በ2024 ዋጋውን ያዘ የሚባለው ወደ 2,000 ዶላር ሲጠጋ ነው። ያለ ለውጥ በ1,500 የተሸጠ ካሜራ በዝምታ ሩቡን ያህል ከስሯል። ደግሞም ካሜራ ወለድ አይከፍልም፤ የትርፍ ድርሻም የለውም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በጥር 2025 ከተከፈተ ወዲህ አክሲዮን ገዝቶ የትርፍ ድርሻ መጠበቅ ለሚችል ሰው፣ ቁጠባውን በሙሉ በቆዳ ማኅደር ውስጥ መቆለፍ አያዋጣም። ካሜራው የሚያዋጣው ለሚያነሣበት ሰው ነው። ለዚህም ነው የመታሰቢያ እትም እየተባሉ በሣጥን የታሸጉት ካሜራዎች የማይመከሩት፤ አንድ ፊልም ከተነሣባቸው የታሸገ ዕቃነታቸው ይቀራል፣ ካልተነሣባቸው ደግሞ ምን ይሠራሉ?

ትልቁ ሥጋት ግን ካሜራው ሳይሆን ፊልሙ ነው። ኮዳክ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ካሜራውን አውጥቶ ሸጧል፤ በዚያው ዓመት ኤክታክሮም የተባለው ፊልም ቆመ። በ2018 ፊልሙ ተመለሰ፤ በ2024 ደግሞ ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ። በፍርሃቱ ጊዜ የገዛ አተረፈ። ነገር ግን የፊልም ዋጋ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ነው፤ ፊልም የሚሠሩት ትላልቅ ፋብሪካዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ፎቶ ቤቶች ወደ ዲጂታል ከዞሩ ወዲህ ፊልም መግዛትም ማሳጠብም እንደ ድሮው አይደለም። ከውጭ የሚያመጣ ሰው በአየር ጣቢያ አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ፊልም እንደሚያበላሹ አውቆ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ ይኖርበታል።

ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ ‹‹አንድ ላይካ ግዛልኝ›› ሲባል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የውጪውን ገላ ነው። ገላው ቢፋቅ ችግር የለውም። እንዲያው የተፋቀ ግን የሚሠራ ካሜራ ዋጋው ሲገዛም ሲሸጥም አንድ ነው። መታየት ያለበት ሌንሱ ነው፤ የእጅ ባትሪ ከኋላ ሲበራበት እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። የሻተሩ ጨርቅ በብርሃን ሲታይ ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም። የአንድ ሰከንዱ ፍጥነት መሃል ላይ ከተንገታገተ የሰርቪስ ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ዘመዱ ይህን ማየት ካልቻለ በጽሑፍ ዋስትና ከሚሰጥና ዕቃ መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ይግዛ፤ ትንሽ ቢወደድም ይቅር። የጉምሩክ ቀረጥም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ቦሌ ላይ የሚጨመር ወጪ ማንም ገዢ የማይመልሰው ነው።

ካሜራው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ክረምቱ አለ። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በማኅደሩ ተዘግቶ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ ሻጋታውም መስተዋቱን በልቶ ከሄደ ማጽዳት አይመልሰውም። ሌንሱን ከማኅደሩ አውጥቶ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። ሻጋታ ለነካው ሌንስ ግን ገዢው በመጀመሪያው እይታ ከዋጋው ግማሹን ይቀንሳል፤ የቀረውንም ሲከፍል ፊቱን አጨማዶ ነው።